ሦስት ቀን የዘገየው መዘውር

በ፲፱፻፴ ዓመተ ምሕረት፣ የፍልሰታ ጾም በገባ በመጀመሪያው ማክሰኞ ጧት፣ ከመርሐቤቴ ደጋ ወደ ጀማ ወንዝ ስወርድ የድንጋይና የብረት ፍትጊያ ሰማሁ። ማጭድ የሚስል ሰው መሰለኝ። ነሐሴ ግን የአጨዳ ወር አይደለም። ገርሞኝ ወደ ድምፁ ብወርድ ባላምባራስ ወሰኔ ከወንዙ ዳር ጀልባው ላይ ጎንበስ ብለው በመሳያ ድንጋይ የጀልባውን መዘውር ሲስሉ አገኘኋቸው። መዘውር የምለው ከጀልባው በስተኋላ ውኃ ውስጥ ገብቶ በሞተር ኃይል የሚሽከረከረውን ባለ ሦስት ክንፍ ነሐስ ነው።

ጀልባውን ወደዚህ ያመጡት የጣሊያን መሐንዲሶች ናቸው። ባለፈው በጋ የድልድይ ቦታ ሊለኩ ብለው በየክፍሉ ፈትተው በበቅሎ አውርደውት ነበር። አርበኞቻችን ሲደርሱባቸው ጀልባውንም ሰባት ቆርቆሮ ቤንዚንም ትተው ሄዱ። አሥር ሰው ይጭናል። ባላምባራስ የመሻገሪያው አለቃ ስለሆኑ ጀልባው በእጃቸው ገባ። ሞተሩን ማስነሣት የማውቅ ግን እኔ ብቻ ስለ ነበርሁ ለእነሱ አሳየኋቸው።

የእኔንም ነገር አልደብቅም። በልጅነቴ አጎቴ ኢየሩሳሌምን ሊሳለም ሲሄድ ይዞኝ ሄዶ እስክንድርያ ላይ ሞተብኝ። እዚያ አምስት ዓመት ተማርሁ። የሚያስተምረኝ ሲጠፋ ደግሞ አራት ዓመት በአንድ ግሪክ የጀልባ መሥሪያ ቤት መዶሻና ሞረድ ይዤ እንጀራዬን በላሁ። ጠላት ሊገባ ሲል ወደ አገሬ ተመለስሁ። ሰው ሁሉ «ምን ተማርህ?» ሲለኝ «መጻሕፍት» አልሁ። ባገራችን ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ቡዳ ነው ይባላልና የኋለኛውን አራት ዓመት ዋጥሁት። እንዲህ ያለው ወሬ ከንቱ እንደሆነ ለማንም መከራከር እወድ ነበር። ክርክሬን ግን ሁልጊዜ ከመጽሐፍ እንጂ ከራሴ እጅ አላመጣም ነበር።

«እንደምን አደሩ ባላምባራስ» አልኋቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ና እስኪ አንተ የእስክንድርያ ሰው። ይህ የጀማ ውኃ ከዚህ ወደዚያ ሲወርድ አንተ ከዚያ ወደዚህ ወጣህ፤ አንድ ነገር ሳታውቅ አትቀርም። ስለቱ ወጣ ትላለህ?»

«የምን ስለት?»

«የዚህ ነዋ። ደንዞ ነው ውኃውን መቁረጥ ያቃተው። ትናንት አንተ ገበያ ሄደህ ሳለ ሞተሩን እንዳሳየኸን አስነሥተን ሁለት ጊዜ ሞከርነው። ከዳር ይነሣና ገና ፍጥነት ሳይዝ ጎርፉ ወደ ታች ይወስደዋል። ከቋጥኙ ጋር ሊያፈርጠን ምን ቀረው። በገመድ ጎትተው ባያወጡን ዛሬ የምታገኘኝ ከተማርህበት አገር፣ ከግብጽ ዓሣ ሆድ ውስጥ ነበር።»

መዘውሩን በእጄ ዳሰስሁት። ሁለቱ ክንፎች ጫፋቸው እንደ ማጭድ ተስሏል፣ ሦስተኛው ደግሞ ተሸራርፏል።  ከወንዙ ማዶ፣ ከገደሉ ሥር ባለው ዋሻ ውስጥ የአርበኞች ቤተሰቦች፣ ሃምሳ ሦስት ነፍስ፣ ተሸሽገው ነበር። ከነሱም አንዷ የባላምባራስ አንድ ልጅ ጌታነሽ ናት፤ የአምስት ወር ወንድ ልጅ ታቅፋለች። ጠላት ከበላያቸው ካለው ደጋ ጦር እየሰበሰበ መሆኑን ሰምተናል። ከኋላቸው ገደል፣ ከፊታቸው የሞላ ጀማ ነው። በተነፋ ስልቻ የሚያሻግሩት ዋናተኞች ደግሞ ባለፈው ሳምንት ሁለት ሰው በጎርፍ ካጡ ወዲህ ውኃ መግባት ትተዋል።

«ባላምባራስ፣ ይህ ነገር ውኃ አይቆርጥም» አልሁ። «ውኃን ወደ ኋላ ይገፋል። ጀልባውም ተገፍቶ ወደ ፊት ይሄዳል።»

«ታዲያ ለምን አልገፋም?»

«አብዝቶ ሊገፋ ስለሚፈልግ ነው። እርስዎ ገበሬ ነዎት። በደረቅ ቆላ መሬት ማረሻውን አጥልቀው በሬዎቹን ቢነዷቸው ምን ይሆናሉ?»

«ይቆማሉ። ካልቆሙም ሞፈሩ ይሰበራል።»

«ያን ጊዜ ምን ያደርጋሉ?»

«ምን አደርጋለሁ፣ ማረሻውን አሳንሼ አስነሣቸዋለሁ። ይህን የማያውቅ ገበሬ ምን ገበሬ ነው።»

«እንግዲህ በሬው ይህ ሞተር ነው፤ ትንሽ ወይፈን ነው። ክንፎቹም ማረሻው ናቸው። እጅግ ስለ ተጣመሙ አንድ ጊዜ ሲዞሩ የሚገፉት ውኃ ለወይፈኑ በዝቶበታል። ጠመማቸውን ብናቀናው ጥቂት ጥቂት እየገፉ ቶሎ ቶሎ ይዞራሉ፤ ጀልባውም ከዳር እንደ ተነሣ ፍጥነት ይይዛል። የተሸራረፈውንም ሞርደን ሦስቱን እኩል ማድረግ አለብን፤ ካልተካከሉ ሞተሩን ያንቀጠቅጡታል።»

ባላምባራስ ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡ። ያልተማሩ ናቸው እንጂ ነገር የማይገባቸው ሰው አልነበሩም።

«ጥቂት ጥቂት የሚያርስ በሬ እኮ ማታ ሲቆጠር ያረሰው ያንሳል» አሉ።

«እውነትዎን ነው። ሰፊና የረጋ ባሕር ላይ ቢሆን ያዘገየናል። የእኛ መንገድ ግን ከሁለት መቶ ክንድ አይበልጥም። የምንሞተውም ሆነ የምንድነው በመጀመሪያው ሠላሳ ክንድ ነው።»

«ገባኝ። ማን ያቀናዋል?»

«እሳትና መዶሻ ያለው ሰው።»

ባላምባራስ መሳያ ድንጋያቸውን መሬት ላይ አኖሩ። «ቀጥቃጩን ጎበዜን ነው?»

«አዎን። ሌላ ማን አለ?»

«እንግዲያስ ነገሩ አበቃ። ስማኝ ልጄ። ጎበዜ ክፉ አድርጎኛል አልልም። ሰላምታ እንሰጣጣለን፣ እሱም ከሩቅ ይነሣልኛል። ግን እሱ የነካውን ጀልባ ሕፃን የታቀፈች እናት ትገባበታለች? እሺ እኔ ላምንህ። እነዚያ ከማዶ ያሉት አራስና ነፍሰ ጡር የሞላባቸው ናቸው። ከጠላት ጥይትና ከቡዳ ዓይን የቱ ይሻላል ብትላቸው ጥይቱን ይመርጣሉ። ጥይት ቢያንስ ይስታል።»

«ማረሻዎን የሠራው ማን ነው ባላምባራስ?»

«እሱ ነው።»

«ጎራዴዎንስ? ቄሱ የሚባርኩበትንስ የእጅ መስቀል?»

«ማረሻ መሬት ነው የሚገባው። እኔ አልገባበትም። መስቀሉም ጸበል ተረጭቶ ነው ከእጅ የሚገባ።»

«ጀልባውም ጸበል ይረጭ።»

«አንተ ለሁሉ መልስ አለህ። መልስህ ሁሉ ግን የመጽሐፍ ነው። መጽሐፍ አንድ ጊዜ ሕፃን ሲመነምን አይቷል? እኔ አይቻለሁ። በል አሁን ሌላ ብልሃት ፈልግ።»

በዚህ ቦታ አንድ ቃል መናገር ነበረብኝ። «እኔም ቀጥቃጭ ነኝ» የምትል ቃል ናት። አፌ ላይ መጣችና ዋጥኋት። ሌላ ብልሃት እፈልጋለሁ ብዬ ተሰናበትሁ፤ ሌላ ብልሃት እንደሌለም አውቅ ነበር።

ያን ዕለት ከማዶ ሰዎች ቆመው «ጀልባው ምን ሆነ?» እያሉ ተጣሩ። ከእኛ ወገን ድምፀ ትልቅ የሆነ አንድ ዋናተኛ «ቀጥቃጭ ካልነካው አይሄድም ተባለ፤ ባላምባራስ እምቢ አሉ» ብሎ መለሰላቸው። ይህን ማንም አላዘዘውም። የተጠየቀውን ነው የመለሰ።

ረቡዕ ማንም ሳያየኝ ወደ ጎበዜ ቤት ወረድሁ። ቤቱ ከመንደሩ ጫፍ፣ ከገበያው በታች ነበር። ጠጉሩ የሸበተ ሰው ነው፤ ሆኖም ሕፃኑም ሽማግሌውም «አንተ» ይለዋል። እኔም እንደ ልማዱ እንዲያው አልሁት።

ስለ መዘውሩ የፈለግሁትን በእንጨት መሬት ላይ እየሣልሁ ነገርሁት። ጎበዜ ወናፉን እየረገጠ ሰማኝ።

«በእሳት አቅልተህ በመዶሻ ታጥፈዋለህ» አልሁት።

«አላደርገውም።»

«ለምን?»

«ነሐስ እንደ ብረት አይደለማ። ቀይ ሆኖ ከመቱት እንደ ቆሎ ይፈረፈራል። ማሞቅ፣ ከዚያ መተው፣ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ፣ በኋላ በእንጨት መዶሻ ቀስ እያሉ ማባበል ነው። ይህን አታውቅም?»

በእስክንድርያ አውቀው ነበር፤ ረስቼዋለሁ። ፊቴ ቀላ መሰለኝ። ጎበዜ ወናፉን ተወና «እጅህን አሳየኝ» አለኝ። ሳላስበው ዘረጋሁለት። አውራ ጣቴ ሥር ያለውን የቃጠሎ ጠባሳ በጣቱ ነካው።

«ይህ የመጽሐፍ ጠባሳ አይደለም» አለ።

እጄን ከእጁ አውጥቼ ከኩታዬ ሥር ከተትሁ።

«አይዞህ፣ ለማንም አልናገርም። መሸሸጊያ ቢኖረኝ እኔም እሸሸግ ነበር። ፊቴን ያጠላሸ ከሰል ነው መሸሸጊያ ያሳጣኝ። ብቻ አንድ ነገር ልበልህ። እኔ ሄጄ 'ሥራው የኔ ነው፣ እችላለሁ' ብላቸው 'ቡዳው ሊበላን መጣ' ይሉኛል። አንተ ብትላቸው ግን ይሰሙሃል። አብረሃቸው በልተሃል።»

ይህን ሰምቼም ያን ቀን ወደ ባላምባራስ አልሄድሁም። ነገ እሄዳለሁ አልሁ። የተማረ ሰው ለስንፍናው የሚያምር ስም አያጣም፤ እኔም «ሰዉ ቀስ በቀስ መለወጥ አለበት» ብዬ ተኛሁ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ መልእክተኛ መጣ። ጠላት ከነባንዳው ተነሥቷል፤ ቅዳሜ ዋሻው አፍ ላይ ይደርሳል። ወደ ባላምባራስ ስሮጥ ከቤታቸው ደጅ መደብ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። በሁለት ቀን ውስጥ ያረጁ መሰሉኝ።

«ሰማህ?» አሉኝ። «ነገ ራሴ በስልቻ እገባለሁ። በወጣትነቴ ጀማን በመስከረም ዋኝቻለሁ።»

«ያን ጊዜ ስንት ዓመትዎ ነበር?»

«ሃያ።»

«አሁንስ?»

«ዝም በል።»

«ባላምባራስ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከእርስዎ ገበታ ስንት ጊዜ በላሁ?»

«ይህ ምን ጥያቄ ነው። ከመጣህ ጀምሮ የቤት ልጅ ነህ።»

«የጌታነሽን ልጅ ክርስትና ያነሣሁት እኔ አይደለሁም?»

«አንተ ነህ።»

«ልጁ መነመነ?»

«ምን መነመነ፤ ታቅፈኸው ወገቤን ቆረጠኝ ያልህ አንተ አይደለህም? ምን ልትል ነው?»

«እኔ ቀጥቃጭ ነኝ» አልሁ። «እስክንድርያ አራት ዓመት የበላሁት እንጀራ የመዶሻና የሞረድ እንጀራ ነው። እንዲህ ያለ መዘውር በእጄ ስንቱን አቅንቻለሁ። መጻሕፍት ተማርሁ ያልኋችሁ አፍሬ ነው። የጎበዜ እጅ ቡዳ ከሆነ የእኔም ነው። ይኸው ይዩት።»

ባላምባራስ እጄን ይዘው ብዙ ጊዜ አገላበጡት። እኔ ተነሥተው የሚያባርሩኝ መስሎኝ ነበር።

«ስንት ሰው በላህ?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ማንንም።»

«እሱንስ አውቃለሁ። ብትበላ ኖሮ መጀመሪያ እኔን ነበር፤ ስንት ስድቤን ጠጥተህ ሄደሃል።» ሊስቁ ፈለጉ፤ ሳቁ ግን አልወጣም። «ታዲያ ማክሰኞ ለምን አልነገርኸኝም?»

«አፈርሁ።»

«እኔስ ስላላወቅሁ ፈራሁ። አንተ አውቀህ ነው ዝም ያልኸው። ያንተ ይብሳል።»

 እጄን ለቀቁኝና ከመደቡ ተነሡ።

ከዚያ በኋላ ባላምባራስ ጊዜ አላጠፉም። ራሳቸው ወደ ጎበዜ ቤት ሄደው ከደጁ ቆመው «አያ ጎበዜ፣ ና ልጄን አሻግርልኝ» አሉት። ከሰል ሲጫን፣ ወናፍ ሲወርድ፣ መዘውሩ ከጀልባው ሲፈታ ቀኑ አለቀ። ከሰዓት በኋላ ዝናብና ጉም ወርዶ ማዶው አይታይም ነበር። ወደ ማዶ ቆሞ «ባላምባራስ እሺ ብለዋል» ብሎ የተጣራ ሰው አልነበረም። እምቢታው ተጠርቶ እሺታው አልተጠራም። ሁላችንም ሥራ ላይ ነበርን፤ ማንም አላሰበውም።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ጎበዜ እሳቱን ከወንዙ ዳር አነደደ። የነሐስ ሙቀት በፀሐይ ብርሃን አይለይም ብሎ ነው ጎሕን የመረጠው። ገለባ እያስነካ፣ ገለባው ጢስ ሲያወጣ «በቃው» እያለ ክንፎቹን አንድ በአንድ አሞቀ። ሲቀዘቅዙ አንደኛውን እኔ ባሳየሁት ልክ አቀናው። ከዚያ በጭቃና በእበት የዚያን ክንፍ ቅርጽ ገልብጦ አስቀረና ሁለቱን በዚያ ላይ እያስተኛ እስኪገጥሙ ድረስ በእንጨት መዶሻ አባበላቸው። በእስክንድርያ ለዚሁ ሥራ ከባሕር ማዶ የመጣ የብረት መለኪያ ነበረን። የጎበዜ ጭቃ ከዚያ አላነሰም። እኔ የተሸራረፉትን ጫፎች እኩል ሞረድሁ። የመንደሩ ሰው ከሩቅ ቆሞ እኔን፣ የባላምባራስን የቤት ልጅ፣ ጥላሸት ነክቶኝ አየኝ። ትከሻዬ ቀለለኝ፤ መቅለሉም አሳፈረኝ።

ፀሐይ ከፍ ሲል ጀልባውን አወረድነው። ቄሱ ጸበል ረጩ። ሞተሩን ሳስነሣ ድምፁ ሌላ ነበር፤ የሚያቃስተው ቀርቶ ይዘምር ጀመር። ገመዱ ሲለቀቅ ጀልባው እንደ ተወጋ ፈረስ ከዳር ዘለለ። ጎርፉ ወደ ታች ሊጎትተን ሲል እኛ ከመካከሉ አልፈን ነበር። ቋጥኙን ከሩቅ አየነው።

ማዶ ላይ ሰዎቹ ተሰልፈው ጠበቁን። «ማን ነው የሠራው?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አራሶቹ ከሁሉ ቀድመው ገቡ። ባላምባራስ የፈሩላቸው እናቶች ጀልባው ገና ከመቆሙ ልጆቻቸውን ያቀብሉኝ ነበር።

በመጀመሪያው ጉዞ የጌታነሽ አማት እማሆይ ማናለብሽ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ተሻገሩ። ባላምባራስ ውኃው ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ሕፃኑን ተቀበሏቸው።

«እናቱስ? በሚቀጥለው ትመጣለች?» አሉ።

እማሆይ ማናለብሽ ዓይናቸውን ወደ ወንዙ መለሱ። «ትናንት ገባች» አሉ።

«ወዴት?»

«ወደ ውኃው ነዋ ባላምባራስ። በስልቻ። አባቴ እምቢ ያለው ሌላ ሰው ስለ ነገረው ነው፣ እኔ ሄጄ እግሩ ላይ ብወድቅ እሺ ይለኛል፣ አንድም ቀን እምቢ ብሎኝ አያውቅም አለች። ልጁን ለእኔ ሰጠችኝ። በጉም ነው የገባችው። ደርሳ ይሆናል ብዬ ነበር።»

ባላምባራስ ሕፃኑን እንደ ታቀፉ ቆሙ። ውኃው በጉልበታቸው ዙሪያ ይፈሳል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ምን ትጠብቃለህ? ተመለስ። ሰው አለ» አሉኝ።

ስድስት ጊዜ ተመላለስሁ። ሃምሳ ሁለት ነፍስ ተሻገረ። ጠላት ቅዳሜ ሲደርስ ያገኘው ባዶ ዋሻና አመድ ነው። ጌታነሽን ዋናተኞቹ እስከ ሦስት ቀን መንገድ ወርደው ፈለጓት። ስልቻውን አገኙ፣ እሷን አላገኙም።

በሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባላምባራስ ሕዝቡን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ ሰበሰቡ። ጎበዜንም አስጠርተው ከጎናቸው አቆሙት።

«ወገኖቼ፣» አሉ፣ «ሽማግሌ ሲሳሳት ብቻውን አይሳሳትም፤ ያመነውን ሁሉ ይዞ ነው። ይህ ሰው የነካው ጀልባ ሃምሳ ሁለት ሰው አሻገረ፤ ከነዚያ አንድም ሕፃን አልታመመም። ይኸው የልጅ ልጄ፣ እዩት። ከእንግዲህ ይህን ሰው ቡዳ ያለ ከእኔ ጋር ተጣላ። ቤቱ ወደ መሻገሪያው ይምጣ። ክረምት በገባ ቁጥር ከማዶና ከወዲህ ተቆራርጠን መቅረታችን ይበቃናል፤ የታመመው ወደ ጸበሉ፣ እህሉም ወደ ገበያው ይሻገር። የተሰበረ ማረሻ በሌሊት ደብቆ ወደሱ መላክ ይቅር፤ በቀን ይዘነው እንሂድ፣ የሚዘራበትም ጊዜ አይለፈን። የጠመንጃችን ዕቃ ሲጎድል የሚተካልን እሱ ነው። ልጁን ብረት ሥራ ማስተማር የሚወድ ያስተምር። መጀመሪያ የእኔ የልጅ ልጅ ይማራል፣ ዕድሜ ከሰጠው።»

 ከዚያ አንድ ሽማግሌ «ይሁን» አለ፤ ሌላውም ተከተለ።

ጎበዜ እንዲናገር ተጠየቀ። ሰው ፊት ተናግሮ አያውቅምና መሬት መሬት እያየ ጀመረ።

«ባላምባራስ፣ የሰጡኝን ክብር ተቀብያለሁ» አለ። «ሐዘንዎም ሐዘኔ ነው። ብቻ አንድ ነገር ልናገር። ይህ እጅ ማክሰኞም ይኸው እጅ ነበር።»

 ባላምባራስም አንገታቸውን ደፉ።

እነሆ ጠላት ወጥቶ ዛሬ ጀልባው በሳምንት ሁለት ቀን ይሻገራል። የጨው ነጋዴዎች መንገዳቸውን ወደ እኛ አዙረዋል፤ በዚህ ዓመት በማረሻ መሰበር መሬቱ ጦም ያደረ ገበሬ በአካባቢያችን የለም። እኔም በቀን ብርሃን ከአያ ጎበዜ ጋር ወናፍ እረግጣለሁ፤ ማን እንዳስተማረኝ ለሚጠይቀኝም ግሪኩን ሳልደብቅ እናገራለሁ። አንባቢዬ ሆይ፣ ልማድን ለመለወጥ የሚያስፈልገው ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ማክሰኞ ጧት በሬውንና ማረሻውን መስዬ ስናገር ነገሩ ባለቀ ነበር። የጎደለው የእኔ እውነት ነበር። ከሩቅ ተምረህ የተመለስህ ወንድሜ፣ የምታውቀውን ከየት እንዳወቅኸው ሳትሸሽግ፣ ማክሰኞ ተናገረው። ሐሙስ የተነገረ እውነት ሃምሳ ሁለት ሰው ያሻግራል፤ ሃምሳ ሦስተኛዋን አይመልስም።